አዲስ ራውተር ስንሰካ የቤቱ ዋይፋይ በሙሉ ጠፋ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ (ሀዋሳ)

የአቶቴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፋይበር አስገብተናል፣ ሳጥኑ ሳሎን ነው ያለው። ሰርቪስ ቤት ድረስ ስለማይደርስ ወንድሜ ሌላ ራውተር ገዝቶ መጣና በገመድ አገናኘነው። ከዚያ ወዲህ አዲሱም አሮጌውም አይሠራም። ስልክ ላይ ዋይፋዩ ይታያል፣ ይገናኛል፣ ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል። የአባቴ ስልክ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሁሉም ቆሟል። ታናሽ እህቴ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት የኦንላይን ፈተና አላት። ምን እናድርግ?

ቅን ሰው፦
አጥፍታችሁ አብሩት። ሁለቱንም ከሶኬት ንቀሉ፣ ትንሽ ቆዩና መልሳችሁ ሰኩ። እኛ ቤት ሁሌ የሚሠራው እሱ ነው።

የአቶቴዋ፦
አድርገነዋል። ለትንሽ ጊዜ መጣና ተመልሶ ጠፋ።

ጋሽ መሐንዲስ፦
ልጄ፣ ዋይፋይ በደከመ ቁጥር ራውተር መግዛት ለምዶብናል። መጀመሪያ ሳጥኑ የት እንደተቀመጠ ይታይ። ብዙ ቤት ስገባ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ቡፌ ውስጥ ተሸጉጦ ነው የማገኘው። ከፍ ያለና ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የግድግዳው ነገር አለ። ብሎኬት ሲግናሉን ያደክመዋል እንጂ ያሳልፋል። ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። ለትንኝ ብለን መስኮት ላይ የምንወጥረው የሽቦ ወንፊትም ብረት ስለሆነ ያስቸግራል። ሦስተኛ፣ ራውተራችሁ 2.4 እና 5 ጊጋኸርትዝ የሚል ሁለት ዋይፋይ የሚያወጣ ከሆነ፣ 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ሩቅ አይሄድም። ግድግዳ አልፎ የሚደርሰው 2.4ቱ ነው። ይህን ሳያዩ ገንዘብ ማውጣት ያሳዝነኛል።

የአቶቴዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሰርቪሱ ግቢው ጫፍ ላይ ነው፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ቦታ ብንቀይርም አይደርስም። ለዛሬ የጨነቀኝ ግን ሳሎኑም አብሮ መጥፋቱ ነው።

ታቦር ሥር፦
ችግሩ ራውተር ሳይሆን ፓኬጅ ነው። አንዱ ቪዲዮ፣ አንዱ ጌም፣ አንዱ ቲክቶክ ሲከፍት ትንሽ ሜጋ አይችልም። ከፍ ያለውን ፓኬጅ ግዙና ተገላገሉ።

ገመድ ዘርጊ፦
ታቦር፣ ፓኬጅ ሲያንስ ይንቀራፈፋል እንጂ እንዲህ ጨርሶ አይጠፋም። ደግሞ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሲሠራ ነበር። የአቶቴዋ፣ ሁለት ነገር ንገሪን። ሳሎን ያለው ሳጥን ላይ ቀይ መብራት አለ? አዲሱ ራውተር ላይስ ገመዱን የቱ ቀዳዳ ውስጥ ሰካችሁት?

የአቶቴዋ፦
ቀይ የለም፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ገመዱን ከቢጫዎቹ አንዱ ላይ ነው የሰካነው። ለብቻዋ ያለችውን ሰማያዊ አልነካናትም።

ገመድ ዘርጊ፦
በቃ ተገኘ። ቀይ ከሌለ ፋይበሩ ደህና ነው። ችግሩ እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ነው። ብዙ ራውተር ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው (በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበት ቁጥር) 192.168.1.1 ነው፣ ለስልኮችም ራሱ አድራሻ ያድላል። አሁን ሁለቱም አንድ አድራሻ ይዘው ሁለቱም ያድላሉ። ስልካችሁ ወደ ውጭ የሚወጣበትን በር ሲፈልግ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይሄዳል።

ሳቂታው፦
አንድ ቤት ሁለት አባወራ በሉት 😂 ልጆቹ የማንን ይስሙ?

ገመድ ዘርጊ፦
ልክ ነው። አንዱ ዝም ማለት አለበት፣ እሱም አዲሱ ነው። አሁኑኑ በሁለቱ መካከል ያለውን ገመድ ንቀሉ። ሳሎን ያለውን አጥፍታችሁ አብሩ። ስልኮቹም ዋይፋያቸውን ዘግተው ይክፈቱ። ሳሎኑ ይመለሳል። እህትሽ ነገ ሳሎን ተቀምጣ ትፈተን፤ ሌላውን ከፈተናው በኋላ ታደርሱበታላችሁ።

ቅን ሰው፦
ካልሆነ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጫኑና ሪሴት አድርጉት።

ገመድ ዘርጊ፦
ኧረ በፍጹም! አዲሱን እሺ። የሳሎኑን ሳጥን ግን በመርፌ እንዳትነኩት። ቴክኒሻኑ ሲያስገባላችሁ የሞላው ሴቲንግ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ፈተናው ሳይደርስ ቴክኒሻን ጥበቃ ትገባላችሁ። ማጥፋትና ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ።

የአቶቴዋ፦
ሳሎን ተመለሰ!! ተባረክ ወንድሜ። የአባቴም ስልክ ገባ። አዲሱንስ እንዴት እናድርገው?

ገመድ ዘርጊ፦
ደስ ይላል። አዲሱን ለብቻው አብሩት፣ ገመድ ሳይኖረው። በስልክሽ ከሱ ዋይፋይ ጋር ተገናኚ። የሞባይል ዳታሽን ዝጊ፣ አለበለዚያ ስልኩ በዳታ ይወጣና ገጹ አይከፈትም። ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ጻፊ። እምቢ ካለ ሆዱ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት እዪ፤ አድራሻውም፣ የመግቢያ ስሙም፣ ፓስዎርዱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አለ። «አክሰስ ፖይንት» (ከሳሎኑ የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ) የሚል ምርጫ ካገኘሽ እሱን ብቻ ምረጪ፣ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። ከሌለ መጀመሪያ የላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) አድራሻውን 192.168.1.2 አድርገሽ ሴቭ አድርጊ። በአዲሱ አድራሻ መልሰሽ ግቢና «ዲኤችሲፒ» የሚለውን አጥፊ። አድራሻ የሚያድለው እሱ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። ከዚያ ገመዱን እንደ ነበረው ከቢጫ ወደ ቢጫ ሰኪ። ሰማያዊዋ እንዳለች ትቀመጥ።

የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ከሳሎኑ ጋር አንድ ካደረግሽው ስልኮቹ ግቢ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ራሳቸው ይቀያየራሉ። ቻናሉን (ዋይፋዩ የሚሄድበትን መስመር) ደግሞ 2.4 ላይ አንዱን 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 አድርጊው፣ እንዳይረባበሹ።

ጋሽ መሐንዲስ፦
እዚያው ሳለሽ የመግቢያ ፓስዎርዱንም ቀይሪው፣ ልጄ። እንዳለ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። ማንም ዋይፋዩን ያገኘ እንግዳ ገብቶ ሴቲንግ ሊነካ ይችላል።

መብራት ጠባቂ፦
ስለ ነገው ፈተና ማንም አላነሳም። መብራት ቢሄድስ? መንገድ ላይ ያለው ፋይበር ራሱ መብራት አይፈልግም፤ የሚጠፋው ቤት ያለው ሳጥን ነው። ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል ትንሽ ባትሪ አለ፣ ሳጥኑን ብቻ ይዞ ያቆያል። ስትገዙ የአዳፕተሩን ቮልት እዩ፤ 9 ቮልት ለሚፈልግ 12 ብትሰኩበት ሊቃጠል ይችላል። ለነገ ካልደረሰ አንድ ስልክ ላይ ዳታ ሙሉና ቻርጅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የእህትሽ ላፕቶፕም ሌሊቱን ይሞላ። አንቺን ባላውቅሽም ልጅቷ አሳስባኛለች።

ታቦር ሥር፦
እኔ አሁንም ፓኬጁን እዩት እላለሁ።

ዳቶ ሰፈር፦
የኛም ሰርቪስ ቆርቆሮ ነው። ገመዱን በግቢው በኩል በውጭ ማሳለፍ ይቻላል? ወደ 40 ሜትር ይሆናል።

ገመድ ዘርጊ፦
ርቀቱ ችግር የለውም፣ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ለውጭ ተብሎ የተሠራውን ጥቁሩን ግዙ፣ ተራውን ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል። ሽቦው ሙሉ መዳብ መሆኑን ጠይቁ። ከመብራት ሽቦ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ እንዳታስገቡት፣ ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው። ጫፉ ሲታሰር ደግሞ በቴስተር (የገመድ መፈተሻ) ይፈተሽ፣ የ8ቱም ሽቦዎች አምፖል መብራት አለበት።

ቅን ሰው፦
የአቶቴዋ፣ ሰርቪሱ ሠራ ወይ? እህትሽስ ፈተናው እንዴት ሆነላት?

ዳቶ ሰፈር፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው። ዛሬ ገመድ ልገዛ ነው፣ አክሰስ ፖይንት የሚለውን ምርጫ አግኝታው እንደሆነ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር።