ለቆጋ ሽንኩርትና ስንዴ የትኛው ይሻላል፦ የአፈር እርጥበት ሴንሰር ወይስ የሳተላይት መረጃ?

ጥያቄ (የልማት ሠራተኛ፣ መራዊ አካባቢ)
ጤና ይስጥልኝ። በቆጋ መስኖ አርሶ አደሮቻችን በበጋ ሽንኩርትና ስንዴ በትልም እያጠጡ ያለማሉ። ውሃ የሚደርሰው በተራ ስለሆነ፣ ተራው የደረሰው ሰው ማሳው ቢጠማም ባይጠማም እስኪጥለቀለቅ ያጠጣል። አሁን ጥቂት መሣሪያዎች ለመግዛት አስበናል። ሴንሰር ብንቀብር ይሻላል ወይስ በነጻ የሚገኘው የሳተላይት መረጃ ይበቃናል?

መልስ (የመስኖ መሐንዲስ)
ለሽንኩርቱ ሴንሰሩን ይግዙ። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) መመሪያ መሠረት ስንዴ ሥሩ ከሚደርስበት አፈር ሊጠቀምበት ከሚችለው ውሃ 55 በመቶው እስኪያልቅ ሳይጎዳ መቆየት ሲችል፣ ሽንኩርት ግን 30 በመቶው እንዳለቀ መጠማት ይጀምራል፤ ስለዚህ ለስንዴ የተመቸ ተራ ሽንኩርቱን ሊጎዳው ይችላል። ንባቡን በቀለም የሚያሳየው ቻሜሊዮን የተባለው መሣሪያ ለአርሶ አደር ይቀላል፤ ሰማያዊ እርጥብ፣ አረንጓዴ መካከለኛ፣ ቀይ ደረቅ ማለት ነው። በ15፣ በ30 እና በ45 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ በትልሙ ውስጥ ሳይሆን ተክሉ ባለበት መደብ ላይ ይቅበሩት። ጉድጓዱን ሲመልሱ አፈሩን ጠቅጠቅ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ውሃው ቀዳዳውን ተከትሎ ወርዶ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣል። ቦታውም ውሃ ብዙ ከሚቆይበት ከትልሙ አፍ ራቅ ያለ ይሁን።

ከሁሉ በላይ የታችኛውን ሴንሰር ይከታተሉ። ከተራ እስከ ተራ ሰማያዊ ሆኖ ከቆየ፣ ውሃው ከሥሩ በታች እየሰረገ ናይትሮጅኑንም ይዞት እየሄደ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙዎቻችን ዩሪያ እንጨምራለን፤ እኔ ግን አስቀድሜ የውሃውን መጠን እመረምራለሁ።

መልስ (የጂአይኤስ ባለሙያ)
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሳተላይቱ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት በየ5 ቀኑ፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ ዝርዝር የሰብሉን ልምላሜ ያሳያል፤ በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ ግን በጠርዙ ያሉት የምስሉ ነጥቦች ከጎረቤት ማሳ ጋር ይቀላቀላሉ። የሽንኩርት ቅጠል ቀጭንና ቀጥ ያለ በመሆኑ አፈሩ በመካከሉ ይታያል፣ ንባቡም ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ ሰብል ሲጠማ መጀመሪያ የሚጨምረው የቅጠሉ ሙቀት ነው፤ ልምላሜው የሚቀንሰው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ነገ ላጠጣ ወይስ አላጠጣ ለሚል ሰው መረጃው አይደርስለትም። ዋፖር የተባለው የፋኦ የሳተላይት መረጃ ቋት የሚያቀርበው የትነት መረጃ (ከሰብሉና ከአፈሩ ወደ አየር የሚወጣው ውሃ መጠን) ግን የካናሉን ራስና ጭራ ለማነጻጸር በእጅጉ ይጠቅማል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ተራውን መለወጥ ካልቻልን ግን ሴንሰሩ ምን ይፈይድልናል?

መልስ (የመስኖ መሐንዲስ)
ቀኑን መለወጥ ባይቻልም ሰዓቱን ማሳጠር ይቻላል። በሩብ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ 2.5 ሜትር ኩብ ነው፤ 40 ሚሊ ሜትር ለማጠጣት 100 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፣ በሰከንድ 5 ሊትር የሚገባ ከሆነም አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ከሴንሰሩ ጋር በማሳው መግቢያ ላይ የፍሰት መለኪያ ያስቀምጡ፤ የታችኛው ሴንሰር ሰማያዊ ሆኖ በቆየ ቁጥር በሚቀጥለው ተራ ሰዓቱን ትንሽ ይቀንሱና ቀለሙን እንደገና ይመልከቱ። የተረፈውን ሰዓት ለካናሉ ጭራ ለማስተላለፍ መሣሪያዎቹን ከመትከልዎ በፊት ከውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ ጋር ይነጋገሩ።