ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ ኤፍሲ 26 ይሠራል? ካርድ ብጨምርበትስ?

ኳስ_በቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ያለው ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፣ ትንሿ ጠፍጣፋ ኬዝ። ኮር አይ5-3470፣ 8 ጊጋ ራም (ሁለት ባለ 4)፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ሞኒተሩ በቪጂኤ ነው የተሰካው። የምፈልገው የኳስ ጌሙ ኤፍሲ 26 ነው፤ እሱ ካልሆነ ጂቲኤ 5። «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባለውን ግራፊክስ ካርድ አስገባበትና ጨርስ» የሚሉኝ አሉ፤ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ግን 240 ዋት ይላል። ብሬን ከማውጣቴ በፊት ቁርጡን ንገሩኝ። ራምስ ልጨምር?

ፍሬም_ቆጣሪ

ቁርጡ ይኸውልህ፦ ለኤፍሲ 26 ብለህ በዚህ ማሽን ላይ አንድ ብር አታውጣ። ለጂቲኤ 5 ግን ትንሽ ወጪ ያዋጣል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው «አይችልም» የሚለው ቃል ላይ ነው። አንደኛው አለመቻል መንቀርፈፍ ነው። ጥራቱን ዝቅ ታደርገዋለህ፣ ትታገሠዋለህ፣ ትጫወታለህ። ሁለተኛው ጌሙ ጨርሶ እንዲከፈት የሚጠይቀው ነገር ማሽኑ ውስጥ አለመኖሩ ነው። እዚያ ላይ ጥራት መቀነስ ምንም አይፈይድም። መጀመሪያ ማጣራት ያለብህ ሁለተኛውን ነው፤ ማጣራቱ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

የኤፍሲ 26ን መስፈርት አብረን እንይ። ዝቅተኛው ኮር አይ5-6600ኬ ወይም ራይዘን 5 1600፣ 8 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም አርኤክስ 570፣ 100 ጊጋ ባዶ ቦታ፣ ዳይሬክትኤክስ 12 ነው። «1050 ቲአይ ይበቃል» ያሉህ ሰዎች ከዚህ ውስጥ የካርዱን መስመር ብቻ አንብበው ነው። ከሥር ግን ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሣ ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለው) መብራት አለበት፣ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) መኖር አለበት ይላል፤ ይህን የሚፈልገው ጸረ ማጭበርበሪያው ፕሮግራም ነው። የ7010 ማዘርቦርድ ላይ ያለው የቲፒኤም ቺፕ 1.2 ነው። ግራፊክስ ካርድ ይህን አይቀይርልህም።

ራስህ አረጋግጥ። የዊንዶውስና የአር ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫንና «ቲፒኤም ነጥብ ኤምኤስሲ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ፤ የሚከፈተው መስኮት ላይ ስፔሲፊኬሽን ቨርዥን ይነግርሃል። «ኤምኤስኢንፎ32» ብለህ ደግሞ የባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ሞድና የሴኪዩር ቡት ሁኔታን ታያለህ። «ዲኤክስዲያግ» ግራፊክሱን ያሳይሃል። አሁን ያለህ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኤችዲ ግራፊክስ 2500 ነው። ዊንዶውሱ ዳይሬክትኤክስ 12 ቢልም የግራፊክሱ አቅም 11 ላይ ያቆማል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው፤ ማየት ያለብህ ዲስፕሌይ የሚለው ገጽ ላይ ፊቸር ሌቭልስ ተብሎ የተጻፈውን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አይ5-3470 ሦስተኛ ትውልድ ስለሆነ ኤቪኤክስ2 የሚባለው የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስብስብ የለውም፤ ኢንቴል እሱን የጀመረው በ2013 እንደ ፈረንጆቹ ከአራተኛው ትውልድ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ኤቪኤክስ2 ካላገኙ ገና ሲከፈቱ ይዘጋሉ። ሲፒዩ-ዚ የምትባለዋን ትንሽ ፕሮግራም ከፍተህ ኢንስትራክሽንስ ከሚለው መስመር ታያለህ።

ወደ ጂቲኤ 5 ስንመጣ ዜናው ሌላ ነው። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ለኮምፒውተር ሲወጣ የሚመከረው ፕሮሰሰር አይ5-3470 ነበር፤ ያንተው ራሱ። የሚመከረው ራም 8 ጊጋ፣ ካርዱ ጂቲኤክስ 660። በመጋቢት 2025 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ኢንሃንስድ የሚባለው አዲሱ እትም ግን ዝቅተኛው አይ7-4770 ሆኗል፣ ኤስኤስዲም (ፈጣኑ ዲስክ) ግዴታ ነው። አንተ መጫን ያለብህ ሌጋሲ የሚለውን የድሮውን እትም ነው።

ሃያአራት_ፒን

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ስለ ካርዱና ስለ ፓወር ሳፕላዩ ልጨምር።

240 ዋት አያስፈራህ። ፕሮሰሰሩ ቢበዛ 77 ዋት ነው፣ 1050 ቲአይ 75 ዋት፤ ማዘርቦርድ፣ ዲስክና ፋን ሲጨመሩበት 200 ዋት አካባቢ ቢደርስ ነው። ትልቁ ነገር ካርዱ ከማስገቢያው ብቻ ኃይል የሚወስድ መሆኑ ነው። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ በዚህ ፓወር ሳፕላይ ላይ ደግሞ ባለ 6 ፒን የካርድ ገመድ የለም። ባለ 6 ፒን 1050 ቲአይም ገበያ ላይ አለ፤ እሱን እንዳትገዛ። ከሳታ ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይር ኬብል ሊሸጡልህ ይሞክሩ ይሆናል። እሺ እንዳትል፤ የሳታ ፒኖች ያን ያህል ለመሸከም አልተሠሩም፣ ጫፉ ቀልጦ ማሽኑን ይዞ ይሄዳል።

ቀጥሎ ቁመቱ ነው። የአንተ ኬዝ ሎው ፕሮፋይል (አጭር) ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው። መደበኛ ካርድ ከኋላ ያለው የብረት ሳህን 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የአጭሩ 8። ያገለገለ አጭር ካርድ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከረጅሙ ብረት ጋር ሆኖ አጭሩ ጠፍቶ ነው፤ ስለዚህ አጭሩ ብረት እጅህ ላይ ካልገባ አትክፈል። ከመሄድህ በፊት ክዳኑን ክፈትና ሰማያዊውን ረጅም ማስገቢያ ፈልግ፤ ሙሉ 16 የመረጃ መስመር ያለው እሱ ነው። ጥቁሩ ርዝመቱ ያው ቢመስልም የተገናኘው 4 መስመር ብቻ ነው። ካርዱ ሲገባ ፋኑ ወደየት እንደሚዞር አስብና በዚያ በኩል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለካ። አብዛኞቹ አጫጭር 1050 ቲአዮች የሁለት ማስገቢያ ውፍረት አላቸው።

አርኤክስ 6400 ቀጭንና 53 ዋት ስለሆነ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ግን የሚጠቀመው 4 መስመር ብቻ ነው፤ የተሠራውም ለፒሲአይ 4.0 ነው። 7010 ደግሞ 3.0 ስለሆነ የመተላለፊያው ስፋት በግማሽ ይቀንሳል፤ የካርዱ 4 ጊጋ ሲሞላ መቆራረጡ ይብሳል። ምርጫው ካለህ ሎው ፕሮፋይል ጂቲኤክስ 1650ን ውሰድ። እሱም በ75 ዋት የሚሠራ አለ፣ ከ1050 ቲአይ ይፈጥናል፣ ድራይቨሩም ገና ይቀጥላል። ኤንቪዲያ የ1050 ቲአይን ትውልድ መደበኛ የጌም ድራይቨር በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ጂቲኤ 5ን አይነካብህም፤ ነገ የሚወጣ ጌም ላይ ግን ይታይሃል።

ኳስ_በቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቲፒኤሙን አየሁት፣ 1.2 ነው። ስለዚህ ኤፍሲ 26ን ትቼ ጂቲኤ 5ን ልያዝ። ሁለት ጥያቄ፦ ቪጂኤ ሞኒተሬ ከአዲሱ ካርድ ጋር ይሄዳል? ያገለገለ ካርድ ስገዛ እንዳልታለል ምን ልይ?

ማክዳ_ሃርድዌር

ሁለቱ ጥያቄዎችህ መልሳቸው የተያያዘ ነው። ኤንቪዲያ ከ1000ዎቹ ካርዶች ጀምሮ የአናሎግ ምልክቱን አውጥቶታል። ስለዚህ እውነተኛ 1050 ቲአይ ላይ የሚኖሩት ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይፖርት እና ዲቪአይ-ዲ ናቸው። ሰማያዊ የቪጂኤ ማስገቢያ ያለው «1050 ቲአይ 4 ጊጋ» ካየህ ተጠራጠር፤ የድሮ ጂቲኤስ 450 ወይም ጂቲኤክስ 550 ቲአይ በካርዱ ባዮስ ቅየራ ስሙ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ካርድ ዊንዶውስ ላይ 1050 ቲአይ ብሎ ይታያል፤ ጌም ስትከፍትበት ግን ይንጠለጠላል ወይም ስክሪኑ ይጠቁራል። የካርዱን ማንነት የምታሳየውን ፕሮግራም ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዘህ ሂድና ሻጩ ፊት ክፈተው። ቺፑ ጂፒ107፣ ሼደሩ (የማስሊያ ክፍሎቹ ብዛት) 768 መሆን አለበት፤ የተጭበረበረ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ስሙ ላይ «ፌክ» ብሎ ይጽፍልሃል። እሱ እዚያው እያለ ለ10 ደቂቃ ከባድ ነገር አሠራውና ፋኑን ስማ፣ ሙቀቱን አንብብ።

ለሞኒተሩ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አክቲቭ አዳፕተር ያስፈልግሃል፤ ውስጡ ቺፕ ያለው ማለት ነው። ባዶ ኬብል ብቻ የሆነው ምስል አያመጣም። የድሮዋ ነጭ የዲቪአይ-ቪጂኤ መለወጫም አትገባም። የካርዱን ዲቪአይ በደንብ ብታየው በጠፍጣፋዋ ረጅም ቀዳዳ ዙሪያ መኖር የነበረባቸው አራት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሉም። አናሎጉ ይሄድ የነበረው በእነሱ ነው።

ካርዱን አስገብቶ የሞኒተሩን ገመድ የድሮው ቦታ ላይ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ስክሪኑ ይጨልማል፣ ባለቤቱ ካርዱ ተቃጥሏል ብሎ ይመልሰዋል። ገመዱ ወደ ካርዱ መዛወር አለበት።

ራሙን አሳድገው። 8 ጊጋ ለጂቲኤ 5 ቢበቃም ዊንዶውሱና ብራውዘሩ ሲካፈሉት ይጠባል። 7010 አራት ማስገቢያ አለው። የሚፈልገው የዴስክቶፕ ዲዲአር3 ነው፣ ፒሲ3-12800። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ፊደል አንብብ፦ «ዩ» ከሆነ ላንተ ነው፤ «አር» ከሆነ የሰርቨር ነው፣ ማሽኑ አይነሣም። የሰርቨሩ ርካሽ ስለሚሆን ነው ሰው የሚወድቅበት። ሁለት ባለ 4 ግዛና አንዱን ቀለም ለድሮዎቹ፣ ሌላውን ለአዲሶቹ ስጥ፤ 16 ጊጋ ትሆናለህ፣ ሁለቱም ቻናል እኩል ይሠራሉ። የኃይል መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለና ምስል ካልመጣ አውጥተህ እግሮቹን በላጲስ በቀስታ ጠርገህ፣ ጠቅ እስኪል ተጭነህ መልሰው።

ከራም በፊት ግን ኤስኤስዲ። በሃርድ ዲስክ ጂቲኤ 5 ስትጫወት መኪናው ይደርሳል፣ መንገዱ ገና አልተሣለም፤ ሕንፃዎቹ ጭቃ መስለው ይቆዩና ቆይተው ይጠራሉ። ጌሙ ብቻውን ከ100 ጊጋ ስለሚበልጥ 240 ጊጋ ያጣብብሃል፣ 480 ወይም 512 ያዝ። በሳታ ገመድ የሚሰካው ዓይነት ይሁን። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ሌላው የኤስኤስዲ ዓይነት በአዳፕተር ቢሰካ የ7010 ባዮስ ከሱ ላይ ዊንዶውስ አያስነሣም።

ፍሬም_ቆጣሪ

ለጂቲኤ 5 ማስተካከያ ይህን ያዝ። 1080ፒ፣ ቴክስቸር ሃይ፣ ግራስ ኖርማል፣ ኤምኤስኤኤ ዜሮ (የካርዱን ሜሞሪ የሚበላው እሱ ነው)፣ ኤፍኤክስኤኤ ኦን። ፖፑሌሽን ዴንሲቲን (የመንገዱን ሰውና መኪና ብዛት) ወደ ግማሽ አውርደው፤ እሱ የሚጫነው ፕሮሰሰሩን ነው። በሰከንድ የሚታየውን ፍሬም 60 ላይ ገድበው። ባለ አራት ክሩ (አራት ሥራ ጎን ለጎን የሚሠራው) አይ5 መቶ በመቶ ሲደርስ ጌሙ በየሰከንዱ ይደናቀፋል፤ ገደቡ ትንፋሽ ይሰጠዋል። ያም ካልበቃ አይ7-3770 እዚያው ሶኬት ላይ ይገባል፣ እሱም 77 ዋት ነው፣ 8 ክር አለው፣ ኩለሩን አትቀይርም። ኤቪኤክስ2 ግን እሱም የለውም። ኩለሩን ካነሣኸው አይቀር የደረቀውን ፔስት ጠርገህ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ አድርግበት።

ኮኔክሽን ለመቆጠብ፦ ጌሙ ያለው ጓደኛ ካለህ፣ አንተም ከገዛኸው፣ ስቲም በአንድ ራውተር ላይ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች እንዲኮራረጁ ይፈቅዳል፤ ያን ሁሉ ጊጋ ከኢንተርኔት አታወርደውም። ከ2 ሰዓት በታች ተጫውተህ 14 ቀን ካልሞላው ደግሞ ገንዘብህን መመለስ ትችላለህ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሰዓት ለሙከራ አድርገው።

ሃያአራት_ፒን

ኤፍሲ 26ን ወደፊት ለሚያስብ ሰው፦ ስምንተኛ ትውልድ ላይ ያለ ያገለገለ ማሽን ፈልግ፣ ለምሳሌ ኦፕቲፕሌክስ 7060 ከአይ5-8500 ጋር። ቲፒኤም 2.0 አለው፣ ስድስት ኮር ነው፣ ዛሬ የምትገዛው አጭሩ ካርድም ወደ እሱ ይዛወራል። ዲዲአር3 ራሙ ግን አይሄድም፤ ለዚህ ነው ራም ላይ ብዙ አታፍስስ የምለው።

እንዲህ ያለው ማሽን ዊንዶውሱ በሌጋሲ ሞድ (በድሮው የአነሣሥ ዘዴ) ተጭኖበት ሊመጣ ይችላል። ባዮስ ገብተህ ዝም ብለህ ወደ አዲሱ ዘዴ፣ ወደ ዩኢኤፍአይ ብትቀይረው «ቡት ዲቫይስ የለም» ብሎ ይቆምብሃል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፋይልህን ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ «ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ» በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ዲስኩን ለውጥ፣ ከዚያ ባዮሱን ወደ ዩኢኤፍአይ፣ ሌጋሲ ኦፕሽን ሮምን አጥፋ፣ መጨረሻ ላይ ሴኪዩር ቡትን አብራ።

ስም ላይም ተጠንቀቅ። ዴል በ2023 ሌላ አዲስ «ኦፕቲፕሌክስ 7010» አውጥቷል፣ 13ኛ ትውልድ። ሻጩ «7010 ነው» ሲልህ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ጠይቅ። 3470 እና 13500 ሰማይና ምድር ናቸው።

ኳስ_በቤት

ገባኝ። ኤስኤስዲ 480፣ ሎው ፕሮፋይል 1650 ካገኘሁ እሱን፣ አክቲቭ አዳፕተር። ራሙን ለጊዜው በ8 እተወዋለሁ። ነገ ክዳኑን ከፍቼ ክፍተቱን ለክቼ ቁጥሩን እዚህ እጽፋለሁ።

ሃያአራት_ፒን

ስትለካ ካርዱ የሚገባበትን ርዝመትም ጨምር። ከኋላው ብረት እስከ ዲስኩ መያዣ ድረስ ስንት እንደሆነ እወቅ፤ አንዳንድ ባለ ሁለት ፋን አጭር ካርዶች 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳሉ።