ለትልቁ የታንክ ሞዴሌ የትኛውን ሪሞት ልግዛ?

ሰላም ወገኖች፣ እዚህ ጅማ በዚህ ጉዳይ የሚያማክረኝ ሰው አጥቻለሁ። የቲ-55 ታንክ ሞዴል በ1/6 መጠን እየሠራሁ ነው። አካሉ ብቻ ከ1 ሜትር ያልፋል። የሚነዱት ሁለት ባለ24 ቮልት የዊልቸር ሞተሮች ስለሆኑ ጉልበቱ የዋዛ አይደለም።

አሁን ያለኝ የድሮ 27 ሜጋኸርዝ ሪሞት ነው። ሲግናሉ ይረበሻል፤ ቻናሉም (ለየብቻ የሚታዘዝባቸው መስመሮች) አይበቃም። ስለዚህ ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ መሄዴ አይቀርም። ሁለቱ ሰንሰለቶች፣ የቱሬቱ (መድፉን የያዘው የላይኛው ክፍል) መዞር፣ የመድፉ ከፍና ዝቅ ማለት፣ መብራትና ድምፅ ሲደመሩ ቢያንስ 6 ቻናል ይፈልጋሉ። ፍላይስካይ አይ6ኤክስ የሚባለው ሪሞት 10 ቻናል አለው፤ ዋጋውም ይሻላል። ሬዲዮማስተር ቲኤክስ16ኤስ 16 ቻናል ይዞ ኤጅቲኤክስ በሚባል የሪሞት ሶፍትዌር ስለሚሠራ እንደፈለጉ ይስተካከላል፤ ግን ውድ ነው። ለታንክ ያን ያህል ያስፈልጋል?

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ፌይልሴፉ፣ ማለትም ሲግናል ሲጠፋ የሚሠራው መከላከያ ነው። ሲግናል ሲቋረጥ ሞተሮቹ ወዲያው መቆም አለባቸው። አንዳንድ ሪሲቨር (ታንኩ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ሲግናል የሚቀበለው) የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል፤ ይሄ ከባድ ታንክ ላይ አደጋ ነው። የሰፈር ልጆች ከበውት ስለሚሮጡ በዚህ አልደራደርም። የትኛው ሪሲቨር ነው አስተማማኙ?

ሌላው ደግሞ፣ አካሉ ላሜራ ነው። ብረት ሲግናል ስለሚያፍን አንቴናውን በቱሬቱ ክዳን በኩል ላውጣው ወይስ ከኋላ? የግራ ቀኝ ሚክሲንጉንስ (የመንጃና የመታጠፊያ ትእዛዙን አዋህዶ ለሁለቱ ሞተሮች ማከፋፈሉን) ሪሞቱ ላይ ልሥራው ወይስ የሞተር መቆጣጠሪያው ላይ? ሁለቱም ጋ ከበራ ይጋጫል። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ዕቃውን ከአዲስ አበባ የሚያመጣልኝ ሰው በቅርቡ ይመጣል።