የብራና መጻሕፍት ምስሎችን ለማስቀመጥ የትኛው የክላውድ ማከማቻ ይሻላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ቡድናችን ፎቶግራፍ ያነሣቸውን የብራና መጻሕፍት ምስሎች የሚያስቀምጥበት ቦታ እየፈለገ ነው። ዋናዎቹ የቲፍ ፋይሎች 4 ቴራባይት ገደማ ሲሆኑ አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ እምብዛም አይነኩም፤ ከእነርሱ የተዘጋጁትን ትንንሽ የጄፔግ ምስሎች ግን በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ ተመራማሪዎች በየዕለቱ ያዩዋቸዋል። አማዞን ኤስ3ን፣ ክላውድፍሌር አር2ን፣ ባክብሌዝ ቢ2ንና ዋሳቢን ለማነጻጸር ብንሞክርም የዋጋ አወጣጣቸው ስለሚለያይ ተቸግረናል። ክፍያው በዶላር ስለሆነ የወሩ ሂሳብ አስቀድሞ የሚታወቅ እንዲሆን እንፈልጋለን። ልምድ ያላችሁ ብታማክሩን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ምላሽ 1

የማስቀመጫ ዋጋውን ብቻ አትዩ፤ ብዙ ጊዜ ሂሳቡን የሚያንረው ዳታው ሲወጣ የሚከፈለው ነው። በኤስ3 መደበኛ የማከማቻ ክፍል፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ባለው የአማዞን የመረጃ ማዕከል ዋጋ፣ ለአንድ ጊጋባይት በወር 0.023 ዶላር ስለሚከፈል 4 ቴራባይቱ 92 ዶላር ያህል ይሆናል። ተመራማሪዎቹ በወር 2 ቴራባይት ቢያወርዱ ግን፣ የመጀመሪያው 100 ጊጋባይት ነጻ ሆኖ ለቀሪው በጊጋባይት 0.09 ዶላር ስለሚታሰብ፣ ሌላ 171 ዶላር ይጨመርበታል። አር2 ለማስቀመጥ 0.015 ዶላር ቢያስከፍልም ለሚወጣው ዳታ ምንም አይጠይቅም፤ የሚቆጥረው ፋይሎቹ ስንት ጊዜ እንደተጠየቁ ሲሆን ለአንድ ሚሊዮን ንባብ 0.36 ዶላር ነው። ስለዚህ ጄፔጎቹን ያለ ማመንታት አር2 ላይ አድርጓቸው።

ምላሽ 2

ስለ ቲፎቹ ልጨምር። ባክብሌዝ ቢ2 በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዋጋ ለአንድ ቴራባይት በወር 6 ዶላር ስለሚያስከፍልና ካስቀመጣችሁት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ዳታ በነጻ ስለሚያስወጣ፣ ክፍያችሁ 24 ዶላር አካባቢ ይረጋል። ዋሳቢም በዋጋ ይቀራረባል፤ ነገር ግን የተሰረዘ ወይም የተተካ ፋይል 90 ቀን እስኪሞላው ያስከፍላል። ቀለሙን አርማችሁ ወይም የገጹን ጠርዝ ከርክማችሁ ቲፎቹን ደጋግማችሁ የምትተኩ ከሆነ ለአሮጌውም ለአዲሱም ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

እምብዛም ለማይነኩ ፋይሎች የተዘጋጀው የኤስ3 ክፍል፣ ግላሲየር ዲፕ አርካይቭ፣ ለ4 ቴራባይቱ ሁሉ በወር 4 ዶላር ብቻ መሆኑ ያጓጓል። ሆኖም አንድ ፋይል ለማግኘት እስከ 12 ሰዓት መጠበቅ ግድ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመመለስም ክፍያው ተደማምሮ ከ400 ዶላር ያልፋል። በእኔ እምነት ለሁለተኛ ቅጂ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ቅርስ በአንድ ድርጅት እጅ ብቻ መቀመጥ የለበትምና።

ምላሽ 3

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ሆናችሁ የምትጭኑ ከሆነ፣ ትልልቅ ፋይሎችን ከፋፍሎ የሚልክ እንደ አርክሎን ያለ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ጭነቱ መሐል ላይ ሲቋረጥ የሚቀሩት ቁርጥራጮች በዝርዝሩ ውስጥ ሳይታዩ ኤስ3 ላይ ሂሳብ ያስቆጥራሉ፤ ስለዚህ ያልተጠናቀቁትን ከ7 ቀን በኋላ የሚሰርዝ ደንብ ባኬቱ (ፋይሎቹ የሚገቡበት ዋናው ማኅደር) ላይ ከመጀመሪያው አኑሩ።

የፋይል ስምም ይታሰብበት። በኤስ3 አንድ ስም ከነአቃፊው ከ1024 ባይት መብለጥ አይችልም፤ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚመዘግብበት ሥርዓት) 3 ባይት ስለሚይዝ ቦታው 341 ፊደል ላይ ያልቃል። የገዳሙን፣ የመጽሐፉንና የጸሐፊውን ስም በፋይሉ ላይ ከመደርደር አጭር መለያ ቁጥር ሰጥታችሁ ዝርዝሩን ዳታቤዝ ላይ መያዝ ይሻላል። ሁሉም ከተጫነ በኋላ፣ በሃርድ ዲስክ ያለውን ቅጂ ከመንካታችሁ በፊት፣ በአርክሎን የማመሳከሪያ ትእዛዝ ሁለቱን ወገን አስተያዩ።