የአያቴን የአስካሪ ታርቡሽ ሳሎን እንስቀለው ወይስ ሣጥኑ ውስጥ ይቅር?

የቡሉክባሽ ልጅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ከረን ላይ በ1933 ለጣሊያን የተዋጋ ኤርትራዊ አስካሪ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ሣጥኗን ስንከፍት ቀይ ታርቡሹ (ቆቡ) ወጣ፣ ጥቁር ዘርፉ እንኳ አልተበጠሰም። ቀዩ የእጅጌ ማዕረጉም አለ፤ ቡሉክባሽ (የበታች ሹም) ነበር። ታናሽ ወንድሜ "በመስታወት አሰርተን ሳሎን እንስቀለው" አለ። አጎቴ ደግሞ "የባንዳ ቆብ ካለበት ቤት አልገባም" ብሎ ተነሥቶ ሄደ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የአላጌ ልጅ፦
አጎትህ ልክ ናቸው። ጥቁር ዘርፍና ጥቁር መቀነት የ4ኛው የአስካሪ ሻለቃ ጦር መለያ ነው። ሻለቃ ጦሩ የተሰየመው በጣሊያኑ መኮንን በማጆር ቶዜሊ ነው፤ ኅዳር 28 ቀን 1888 አምባ አላጌ ላይ የሞተው ቶዜሊ። ሊወረን መጥቶ የሞተ ሰው መታሰቢያ ነው እኮ! እንዴት ነው ሳሎን የሚሰቀለው?

አስመራ ያደግሁ፦
ወንድሜ፣ ባንዳ ስትሉ ረጋ በሉ። ባንዳ ጣሊያን መደበኛ ላልሆነው ጦር የሰጠው ስም ነው፣ አስካሪ ግን ደሞዝተኛ ወታደር ነበር። ኤርትራ ቅኝ ግዛት የሆነችው በ1882 ነው። ይህ ሰው ሲወለድ ሌላ መንግሥት አላየም። ገበሬው መሬቱ ለሰፋሪ ተወስዶበት ልጁ ለእንጀራ ሲል ቢመዘገብ ምን ትፈርድበታለህ? ሊቢያ ድረስ ወስደው አዋግተዋቸዋል።

የአላጌ ልጅ፦
እንጀራውን አልከለከልኩም። ግን ማይጨው ላይ ከፊት የተሰለፉት እነሱ ናቸው፣ የአያቴ ወንድም እዚያው ቀርቷል። የአስካሪው ደሞዝ የእኛ ቤት ለቅሶ ነበር።

የታሪክ መምህር፦
ሁለታችሁም ያላችሁት ሆኗል። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አምባ አላጌ ላይ ከቶዜሊ ጋር ያለቁት አብዛኞቹ አስካሪዎች ነበሩ፣ ሻለቃው የተሰየመው ግን በእሱ ብቻ ነው። ኤርትራዊው ቢጀግን ባይጀግን ከሹምባሽ፣ ከበታች ሹምነት የመጨረሻው ማዕረግ፣ በላይ አይወጣም ነበር፣ መኮንንነት የጣሊያን ነበር። ዓድዋ ላይ የተማረኩት ደግሞ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ፤ የጣሊያን ምርኮኛ ግን ድኖ አገሩ ገባ። ስለዚህ ታርቡሹ መደበቅ የለበትም። ሳሎን ላይም አይሁን፣ ሳሎን የምንኮራበት ይሰቀልበታል። ቤተ መዘክር ይግባና ዘርፉ ለምን ጥቁር እንደሆነ ከሥሩ ይጻፍ። እንዲሁ ከታየ ልጆች የጀግና ቆብ ይመስላቸዋል።

አስመራ ያደግሁ፦
ከድተው ወደ አርበኞች የገቡ አስካሪዎች እንደነበሩም ይጻፍ። ይሄ ካልተጻፈ አልስማማም።

የአላጌ ልጅ፦
ይጻፍ። የማይጨውም ይጻፍ እንጂ።

የቡሉክባሽ ልጅ ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ ሌሊቱን ሳነበው አደርኩ። የዘርፉን ነገር ጭራሽ አላውቅም ነበር፣ ጌጥ ነበር የመሰለኝ። ከወንድሜ ጋር ተነጋግረናል፣ ሳሎን አይሰቀልም። አሁን ወረቀቱን እየጻፍኩ ነው፤ የአያቴን ስም፣ ሻለቃውን፣ ቶዜሊ ማን እንደነበረ፣ ማይጨውንም። ቅዳሜ አጎቴ ቤት ይዤው እሄዳለሁ። እሳቸው አንብበው እሺ ካላሉ ለማንም አልሰጥም።