ስምንት ዓመት ገመድ ስዘረጋ፦ አድጌያለሁ ወይስ ለምጄዋለሁ?

ባለሞንታርቦው (ባሕር ዳር)

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ባሕር ዳር የአዳራሽ ድምፅና ምስል ቴክኒሻን ነኝ። ማይኩም፣ ሞንታርቦውም፣ ፕሮጀክተሩም በእኔ እጅ ነው። ሥራውን ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ሰሞኑን ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሙያዬ አድጓል ወይስ እጄ ብቻ ነው የለመደው?

ነገሩን ያመጣው አዲሱ ረዳቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ከላፕቶፕ ድምፅ ስንለቅ ሞንታርቦው «እምምም» ማለት ጀመረ። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩት፤ ጸጥ አለ። ልጁ «ለምን ጠፋ?» አለኝ። «በቃ እንደዚህ ነው» ብዬው አለፍኩ። ማታ ቤቴ ስገባ መልሴ ከነከነኝ። እኔንም ጀማሪ ሳለሁ ያሠራኝ ሰው እንዲሁ ነበር የሚለኝ። ይባስ ብሎ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲመጣ «የመሬት መስመሩን ቁረጠው» ይለኝ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ሰው እንዳይነዝር ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ ማለቱ ነው። አንድ ቀን ማይክ የያዘ ዘፋኝ ከንፈሩን ኤሌክትሪክ ሲነዝረው አየሁ። ከዚያ ወዲህ ቆርጬ አላውቅም።

አደግሁበት የምለውም አለ። ጣና ዳር ሠርግ ስንሠራ ድሮ ሞንታርቦውን ለገመዴ በሚመቸኝ በኩል ነበር የማቆመው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ድምፁን ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ ስትልከው ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ከኋላ ያሉት አይሰሙም። አንዴ ምርቃት ላይ የሙሽራዋ አያት ወንበራቸውን በሣሩ ላይ እየጎተቱ ወደ ፊት ሲመጡ አየኋቸው። ትንሽ ጎተት ያደርጋሉ፣ ቁጭ ብለው ጆሯቸውን ይሰጣሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። ማንም አልወቀሰኝም። እኔ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፉም። አሁን ድንኳኑ ሳይተከል ሄጄ ነፋሱን አያለሁ። ሞንታርቦው ጀርባውን ለጣና ሰጥቶ ይቆማል።

ደመወዜ ብዙም ፈቀቅ አላለም። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ «ና» ይሉኛል። እናንተ እድገታችሁን በምን ትለኩታላችሁ?

የድሮ ሳውንድማን (ጎንደር)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የልጁን ጥያቄ እንመልስለት። መብራታችን በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ላፕቶፑና ሚክሰሩ (ድምፆቹን የሚያቀላቅለው መሣሪያ) መብራት ከተለያየ ሶኬት ሲያገኙ፣ በመሬት መስመሩና በድምፅ ገመዱ በኩል ቀለበት ይሠራል። የምትሰማው እምምታ በዚያ ቀለበት የሚዞረው ኤሌክትሪክ ድምፅ ነው። ቻርጀሩን ስትነቅል ቀለበቱ ተበጠሰ። ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር ስጣቸው። እምቢ ካለ መሃል ላይ ዲአይ ቦክስ (ድምፁን አሳልፎ የመሬት ግንኙነቱን የሚለያይ ትንሽ ሣጥን) አስገባ። የመሬት መስመር የሚቆርጥ ሰው ግን መድረክህ አጠገብ እንዳይደርስ።

ስለ መለኪያው፣ እኔ ደብተር አለኝ። ቀን፣ ቦታ፣ ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንዳደረግሁ፣ መጨረሻ ላይ «ምክንያቱ»። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገጾች ላይ «ምክንያቱ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ሥራው ተስተካክሏል፣ ሰውም ረክቶ ሄዷል፤ እኔ ግን ለምን እንደተስተካከለ አላውቅም ነበር። እያገላበጥክ ስትመጣ ባዶው እየቀነሰ ይሄዳል። የነፋሱን ነገር ስትጽፍ «ምክንያቱን» ሞልተኸዋል እኮ።

የካሜራ ገመድ (ባሕር ዳር)

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን የደመወዙን ነገር አቅልለን አንየው። ቤት ኪራይ በደብተር አይከፈልም።

እኔ ቀጥታ ስርጭት ላይ ነው የምሠራው። ከካሜራ እስከ መቆጣጠሪያው 30 ሜትር ያህል ኤችዲኤምአይ (ለአጭር ርቀት የሚሆን የምስል ገመድ) ዘርግቼ ምስሉ ብልጭ ድርግም እያለ አንድ ሙሉ የምረቃ ቀን አሳልፌያለሁ። ወላጅ የልጁን ፊት ሊያይ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል፣ ስክሪኑ ይጠፋል። አለቀስኩ። ከዚያ ስለ ኤስዲአይ፣ ምስል ራቅ አድርጎ ስለሚወስደው የካሜራ ገመድ፣ ተማርኩ፤ ጥሩ ገመድ ከሆነ 100 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቀጥሎ ኔትወርክ ተማርኩ፣ ምክንያቱም ድምፁም ምስሉም አሁን በኔትወርክ ገመድ መሄድ ጀምሯል። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተናም ወሰድኩ። ወረቀቱን ይዤ ነው ጭማሪ የጠየቅሁት። ሳትጠይቅ የሚሰጥህ የለም፣ ወንድሜ። አዲስ አበባ ብትሄድም ቀድሞ የሚጠይቁህ ወረቀቱን ነው።

ባለሞንታርቦው (ባሕር ዳር)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ። የሲኦሲውን ነገር እስከ ዛሬ ሳስተላልፈው ነበር፤ በዚህ ሳምንት ሄጄ እጠይቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ልጁን ቀደም ብሎ እንዲመጣ አደረግሁት። ላፕቶፑንና ሚክሰሩን ሆን ብለን ሁለት ሶኬት ላይ ሰካናቸው፤ እምምታው መጣ። ወደ አንድ ዲቫይደር አዛወርናቸው፤ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ራሱ እየሰካ፣ እየነቀለ አዳመጠው። እንዳሉኝ አድርጌ አስረዳሁት፣ ገባው። ከዚያ «የመድረኩ መብራት ሲደበዝዝ የሚመጣው ዝዝዝታስ?» አለኝ። እሱን አላውቀውም። «አላውቅም» አልኩት። ደብተር ገዝቼ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፍነው፣ «ምክንያቱ» ክፍት ነው። ቅዳሜ አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ሁለታችንም እንገባለን።