«ሪኢተሬት» ትርፍ ቃል ነው እንዴ?

ሚሚ፦ እስቲ ፍረዱኝ። ለዶነር (ለረጂ ድርጅት) በእንግሊዝኛ በጻፍኩት ደብዳቤ ላይ «ቁርጠኝነታችንን በድጋሚ እንገልጻለን» ለማለት «ሪኢተሬት» ብዬ ነበር፣ አለቃዬ ሰርዞ «ኢተሬት» አደረገው። ኢተሬት ራሱ መድገም ነው፣ «ሪ»ው ትርፍ ነው ይላል።

ሎጂክ፦ ልክ ነዋ። የላቲኑ «ኢቴሩም» ማለት «እንደገና» ነው፣ «ሪ»ም እንደገና። ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ እንደሚሉት ሰዎች ሆነሻል 😂

ኮደሩ፦ አለቃሽ አበላሽቶታል ባይ ነኝ። እኛ ፕሮግራም የምንጽፈው ጋ ኢተሬት ማለት ወይ ሊስት ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ በሉፕ (በሚደጋገም ትእዛዝ) ማዞር ነው፣ ወይ ደግሞ አንድ ቨርዥን ለቀሽ ፊድባክ ሰብስበሽ አሻሽለሽ ሌላ መልቀቅ። ዶነሩ «ቁርጠኝነታቸውን ገና እያሻሻሉት ነው» ብሎ ቢያነበውስ?

ሎጂክ፦ እሱ የእናንተ ሰፈር አጠቃቀም ነው፣ እኔ የማወራው ስለ ምንጩ ነው።

አዛውንቱ፦ በምንጩም እንሂዳ። ሪኢተሬት እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ኢተሬት የሚለው ግስ ደግሞ በ16ኛው፣ ስለዚህ ትርፍ ያላችሁት ታላቅየው ነው። «ሪ»ውንም እንግሊዞች አልለጠፉትም፣ ላቲኑ ውስጥ «ሬይቴራሬ» አለ፣ ፈረንሳዮችም ዛሬ የሚሉት «ሬይቴሬ» ነው፣ ያለ «ሬ» የሚል ሰው ብዙም የለም። ደሞ ልብ በሉ፣ «ኢቴራሬ» የገበሬም ቃል ነበር። ኮሉሜላ የሚባለው ሮማዊ የእርሻ ጸሐፊ መሬቱን ሁለተኛ ማረስን በሱ ነው የሚጠራው፣ ለሦስተኛው ሌላ ቃል አለው፣ ልክ የኛ ገበሬ ሰለሰ እንደሚለው። ኢተሬት ሁለተኛ ዙር ከሆነ ከዛ በላይ ለሚደጋገመው «ሪ» ቢጨመር ምን ችግር አለው?

ናቲ፦ «ኢቴር» መንገድ ማለት አይደል? ከዛ የመጣ መስሎኝ፣ መመላለስ ምናምን

አዛውንቱ፦ አይ ናቲዬ፣ መንገዱ «መሄድ» ከሚለው ግስ ነው፣ ዘመድ አይደሉም።

ሎጂክ፦ እሺ በእርሻው ሂሳብ እንሂድ። ሚሚ፣ ቁርጠኝነት ስትገልጹ ስንተኛችሁ ነው? ሁለተኛ ከሆነ አለቃሽ አሸነፈ።

ሚሚ፦ ኧረ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ እንጽፈው የለ እንዴ፣ ማን ቆጥሮት!

ኮደሩ፦ አለቀ፣ «ሪ»ው ይመለስ።

ሚሚ፦ የት ይመለሳል፣ ደብዳቤው ትላንት ወጥቷል 😭